በግና ዶሮ ለተቸገረ ቤተሰብ እንዴት እናበድር? የልጁን ድርሻ ሳንረሳ

«አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ በግ ልገዛላቸው አስቤ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እሰማለሁ። ጠያቂው አንዳንዴ አዲስ አበባ የሚኖር የሞጣ ልጅ ነው። አንዳንዴ ደምበጫ አካባቢ ያለ እድር ነው። አንዳንዴም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየወሩ ብር የሚያዋጡ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። መልሴ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ እነሆ ጻፍኩት።

በግ ገዝቶ መስጠት ቀላል ነው። ከባዱ ጥቅሙን ከልጁ ሳህን ማድረስ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ጊዜ ለስድስት ቤት ዶሮ ሰጥቼ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ እንቁላልም ይጥላሉ። ልጆቹ ግን አንድም አልቀመሱም። እንቁላሉ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። አንዷን እናት ብጠይቃት «እንቁላሉን ልጄ ከበላው ጨውና ሳሙናውን በምን ልግዛው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስሰጣት ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ የልጁ ድርሻ ከእኛ ብድር በፊት ውሉ ላይ ይጻፋል። ከታች ያሉት ደረጃዎችም በዚሁ የሚመሩ ናቸው።

አሠራሩ ባጭሩ

ርቢን የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም። ባለ ከብቱ ላሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያኛው ይጠብቃል፣ ወተቱንና ፍጉን ይጠቀማል። የሚወለደውን ይካፈላሉ። እናቲቱ ግን ሁልጊዜ የባለቤቷ ናት።

የእኛ አሠራር ከዚህ ትንሽ ይለያል። ተበዳሪው የወሰደውን ያህል ሴት ግልገል ይመልሳል። የተመለሰችው ግልገል ወደ ሚቀጥለው ተረኛ ትሄዳለች። እናቲቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ የተበዳሪው ሀብት ናት። በገንዘብ አንቀበልም፤ ወለድም የለም። ለምን ቢባል የበግ ዋጋ በየዓመቱ ይንራል። ዛሬ የሰጣችሁት ብር ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሽ በግ ላይገዛ ይችላል። በግ በበግ ከተመለሰ ግን ተረኛው አይጎዳም።

ምን ያስፈልጋል?

ለአንድ ቤተሰብ፦
• ሁለት ሴት በጎች፣ ወይም አምስት ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ
• ገመድ፣ የውሃ ገንዳ፣ ጨው
• ለማደሪያ የሚሆን አጣና፣ ቀርከሃና ሳር (ይህን ቤተሰቡ ራሱ ቢያዋጣ ይሻላል)
• አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ፤ የልጁ ብቻ የሚሆኑ። ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። እባካችሁ ይህችን እንዳትዘሏት።

ለቡድኑ (በአንድ ዙር አብረው ለሚገቡት ቤተሰቦች)፦
• ሁለት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ደብተሮች፤ አንዱ የቡድኑ ሰብሳቢ በሆነችው ሴት ዘንድ፣ ሌላው እናንተ ዘንድ የሚቀመጥ
• የጣት አሻራ ቀለም
• የጆሮ ቁጥርና መግጠሚያው
• የክትባትና የትል መድኃኒት ወጪ
• ለሞት ማካካሻ የሚቀመጥ ብር፤ ለአሥር በግ የአንድ በግ ዋጋ

ደረጃ 1፦ እንስሳውን ከአገሩና ከልጁ ዕድሜ ጋር አዛምዱ

ጎጃም ሁሉ አንድ አየር የለውም። ጮቄ ግርጌ ያለው ቢቡኝ ብርድ ነው። የደጀን ቆላ ወደ አባይ ሲወርድ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ «ለሁሉም በግ» ብላችሁ አትነሱ።

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላለበት ቤት ዶሮ ይቅደም። ቄብ ከገባች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ለዚያ ልጅ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፤ ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ልደቱ ባለው ጊዜ የጠፋ ዕድገት በኋላ አይካካስም ማለት ይቻላል።

በደጋውና በወይና ደጋው በግ ጥሩ ነው። በተለይ ቀንድ አልባዋ፣ ላቷ አጭርና ወፍራም የሆነችው ዋሸራ አገሯ ነው። ለምዳዋለች፤ መንታም ትወልዳለች። ግን አስታውሱ፣ እኛ ዘንድ በግ አትታለብም። በግ ብቻ ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ ለሕፃኑ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው የሚሆንበት። በግ የምትጠቅመው ጥሪት ለመያዝና ወንዱን ሸጦ ሌላ ነገር ለመግዛት ነው።

ቆላ ላይ ፍየል ትሻላለች። ወተት ልትሰጥም ትችላለች። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤተሰቡን «የፍየል ወተት ትጠጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይጠጣ ቤት ብዙ ነው።

ላምን ለጊዜው ተዉት። ዋጋዋ ውድ ነው፣ መኖዋ ብዙ ነው። አንዷ ከሞተች ቡድኑ በሙሉ ይወድቃል።

ደረጃ 2፦ ቤተሰቡን መንደሩ ራሱ ይምረጥ

ከአምስት እስከ አሥር ቤት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መከታተል አትችሉም። ስም ዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ። እድሩ ወይም ሰንበቴው ሲሰበሰብ መስፈርቱን ብቻ ተናገሩ፦ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለበት፣ የራሱ የሚራባ እንስሳ የሌለው፣ ማደሪያ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ። ማን ምን እንዳለው የጎረቤት ዓይን ያውቃል። በሰው ፊት የተመረጠ ሰው ደግሞ በሰው ፊት ይመልሳል።

አንድ ከባድ ነገር እዚህ አለ። ከሁሉም የደኸየው ቤት አንዳንዴ በግ መያዝ አይችልም። መሬት የለውም፤ ጭድ የለውም፤ የሚጠብቅ ሰው የለውም። በግ ብትሰጡት መጋቢት ላይ ይሸጠዋል፣ ከዚያም ባለዕዳ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ቤት ዶሮ ስጡ። ዶሮ የግጦሽ መሬት አትፈልግም።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ «እረኛው ማነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ በግ አትስጡ። መልሱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ሌላ መላ ፈልጉ። ወይ በገመድ ታስሮ ይቀለብ፣ ወይ ጎረቤቶች ተራ ገብተው ይጠብቁ። አንዱን ልጅ ለመመገብ ሌላውን ከትምህርት ቤት ማስቀረት የለብንም።

ደረጃ 3፦ መኖና ማደሪያ ከእንስሳው በፊት ይዘጋጁ

25 ኪሎ የምትመዝን በግ በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከጥር እስከ ግንቦት አምስት ወር ግጦሹ ይደርቃል። ለሁለት በግ 300 ኪሎ ማለት ነው። ሁሉም ከቤት አይወጣም፤ ትንሽ ትንሽ ትግጣለች። ግን ክምሩን በዓይናችሁ እዩ። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከጤፍ ጭድ የተሻለ ገንቢ ነው። እሱን ለእርጉዝና ለአጥቢ በግ አስቀምጡላት።

እርከኑ ላይ መኖ ይተከል። ለደጋው ትሪ ሉሰርን፣ ለወይና ደጋው ሳስፓንያ፣ ለሁለቱም ደሾ ሳር። ችግኙን ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ክረምት ሲገባ ከተተከለ በሚቀጥለው በጋ ያግዛል።

ማደሪያው ከሰው ቤት የተለየ ይሁን። ወለሉ ከፍ ያለና ደረቅ ይሁን። የዶሮው ቤት ደግሞ ማታ የሚዘጋ በር ይኑረው፤ ሸለመጥማጥ በአንድ ሌሊት አምስቱንም ይጨርሳል። ማደሪያው የሚለየው ለእንስሳው ሲባል ብቻ አይደለም። ገና የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። የዶሮ ኩስ ያለበት ወለል ላይ የሚውል ልጅ ተቅማጥ አይለቀውም፤ ተቅማጥ ያለበት ልጅ ደግሞ የበላው እንቁላል ሰውነቱ ላይ አይቀርም። ስለዚህ ማደሪያው ሳያልቅ እንስሳ አይገባም። «ነገ እሠራዋለሁ» ላለ ሰው ነገ ይሰጠው።

ደረጃ 4፦ ውሉን ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ

ውሉ አጭር ይሁን። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

«እኛ ወይዘሮ ___ እና አቶ ___ የጆሮ ቁጥራቸው ___ እና ___ የሆኑ ሁለት ሴት በጎች ዛሬ ___ ተረክበናል። በ24 ወር ውስጥ ጤነኛ፣ 6 ወር የሞላቸው ሁለት ሴት ግልገሎች ለተረኛው እናስረክባለን። እስከዚያ እናቶቹን አንሸጥም፣ አናርድም። የመጀመሪያው ወንድ ግልገል ሲሸጥ ለልጃችን ___ ሦስት ቄብ እንገዛበታለን። ከዶሮዎቹ በሳምንት 3 እንቁላል የልጁ ነው።»

የሚስት ስም ይቅደም። ዶሮና እንቁላል በልማድ የሴቷ ጉዳይ ነው፤ ልጁንም የምታበላው እሷ ናት። ስሟ ከሌለበት ባል ብቻውን ገበያ ወስዶ ቢሸጥ የምትናገርበት ወረቀት የላትም። ሦስት ምስክሮች ይኑሩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ውሉ ጮክ ተብሎ ይነበብለትና አሻራውን ያኑር።

24 ወር ለምን? በግ አምስት ወር ታረግዛለች። ግልገሉ ጡት እስኪተው ሦስትና አራት ወር አለ፤ ለማስረከብ ደግሞ ስድስት ወር ይሙላው እንላለን። የመጀመሪያው ወሊድ ሁሉም ወንድ ሊሆን ይችላል። 12 ወር ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰዉ ሳይወድ ውል አፍራሽ ይሆናል። ለዶሮ 12 ወር ይበቃል፤ የሚመለሰው አምስት ቄብ ነው።

ደረጃ 5፦ በጾም ግዙ፣ በዓል ሲደርስ አትግዙ

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ ወዲያ የበግና የዶሮ ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ይረግባል። ጭዱም አዲስ ነው። በዓሉ ሊገባ ሲል ግን ዋጋው ይሰቀላል፤ ገበያውም የሚታረድ ሙክት እንጂ የሚረባ እናት የሚገኝበት አይደለም። አብራችሁ በግ የሚያውቅ ሽማግሌ ይሂድ። ደላላ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ገበያ ላይ እንዲህ እዩ፦
• ጥርስ፦ ከፊት አንድ ወይም ሁለት ጥንድ የነቀለች ትሁን። ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። ምንም ያልነቀለች ገና ልጅ ናት፤ ጥርሷ የተሸረፈ አርጅታለች።
• ዓይን፦ የታችኛውን ቆብ ገልበጥ አድርጉና እዩ። ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ከነጣ ደሟን ትል ጨርሶታል።
• መንጋጋ፦ ከሥሩ እንደ ከረጢት ካበጠ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል። ረግረግ ካለበት አካባቢ የመጣችን በግ በተለይ ዳስሷት።
• ጡት፦ ሁለቱም ለስላሳ ይሁኑ። ጠጣር ካለበት ግልገሏ በረሃብ ይሞታል።
• ኋላዋ በተቅማጥ የተበላሸች፣ አፍንጫዋ የሚዝረከረክ፣ የምታነክስ ከሆነች እለፏት። ዋጋዋ መርከሱ አያታላችሁ።

ቄቦችን ከተቻለ ከዚያው መንደር ወይም ክትባት ከሚሰጥ አርቢ ግዙ። የዶሮ በሽታው ፈንግል አብዛኛውን ጊዜ ወደ መንደር የሚገባው ከገበያ በመጣች ዶሮ ነው።

ደረጃ 6፦ ሦስት ሳምንት ለብቻ ይቆዩ

የገዛችኋቸውን በቀጥታ አታከፋፍሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ለብቻ አቆዩአቸው። በሽታ ካለ እዚያው ይውጣ። በዚሁ ጊዜ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርታችሁ ለበጎች የደስታ መሰል በሽታ፣ የፈንጣጣና የጎሮርሳ ክትባት፣ ለዶሮ የፈንግል ክትባት ይሰጥ። ክትባቱ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ዛሬ ተከትባ ነገ ከታመመች በግ ጋር የተቀላቀለች በግ እንዳልተከተበች ቁጠሯት።

የፈንግል ክትባት አንዴ ተሰጥቶ የሚረሳ አይደለም። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል። በተለይ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሚያዝያ ላይ አንዱ ዙር ይድረስ።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ከሆነ እርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ላለ በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። መቼ ከአውራ በግ ጋር እንደተገናኘች ካላወቃችሁ ለባለሙያው ንገሩት፣ ሌላ መድኃኒት ይመርጣል። ለምትታለብ እንስሳ መድኃኒት ከተሰጠም ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠይቁና ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 7፦ በሰው ፊት አስረክቡ

የጆሮ ቁጥር አስሩ፣ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ስልክ ካለ ፎቶ አንሱ። ተረኞቹም በዚያ ቀን ይገኙ። ነገ የእሱ የምትሆነውን ግልገል እናት ዛሬ ያየ ሰው በየመንገዱ «በጓ እንዴት ሆነች?» እያለ ይጠይቃል። ከእናንተ ይልቅ የሚከታተለው እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ የልጁ ድርሻ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። 50 ብለን ብንይዝ አምስት ዶሮ 250 ይሆናል። ልጁ በሳምንት 3 ቢበላ በዓመት 156 ነው። 94 ይተርፋል፤ እሱ ይታቀፋል፣ ይሸጣል፣ ጨውና ሳሙና ይገዛል። ይህን ሒሳብ እናትየው ፊት በባቄላ ፍሬ እየቆጠራችሁ አሳዩአት። ሁለት ዶሮ ብቻ ብትሰጡ ኖሮ በዓመት 100 እንቁላል ነው፤ ለልጁም አይበቃ፣ ለገበያም አይተርፍ። አምስት ያልነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ምልክቱ። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ዶሮዋ ስትጥል የልጇን እንቁላል በከሰል አንድ መስመር ታሰምርበታለች። ከጭድ ጋር ቅል ውስጥ ታስቀምጠዋለች። መስመር ያለው እንቁላል ገበያ አይወጣም፤ ባሏም አይነካውም፣ እንግዳም ቢመጣ አይጠበስም። አንድ ቀን እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ትልቁ ልጅ ቅሉን ከፍቶ አየና «ይሄ የአቡሽ ነው» ብሎ መልሶ ዘጋው። አሁን ውል በተፈራረምን ቁጥር ከሰሉን ይዤ ነው የምሄደው።

አበላሉ፦
• ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ የእናት ጡት ብቻ። እንቁላልም፣ ወተትም፣ ውኃም አይሰጠው።
• ስድስት ወር ሲሞላው እንቁላሉ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል። በማንኪያ ይፈጭና ገንፎ ላይ ይቀላቀል። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ብቻ ቀምሶ፣ ሽፍታ ወይም እብጠት ካልታየ ይጨመራል። ጡቱም ይቀጥላል።
• ገንፎው ከእህል ብቻ አይሁን። የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ከባቄላ ወይም ከሽንብራ ጋር ይመጠን።
• ወተት ካለ ገንፍሎ እስኪነሳ ይፈላ። ያልፈላ ወተት ከላምም ከፍየልም በሽታ ያስተላልፋል።

አሁን ወደ ድስቷ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ሕፃን ልጅ መጾም የለበትም፤ በልማድም ከሰባት ዓመት በታች ያለ አይጾምም። ታዲያ እናቶች ለምን በጾም እንቁላል አይሰጡም? የማልደርስበት ምክንያት ነበር። ኋላ ላይ አንዷ ድስቷን እያሳየችኝ ነገረችኝ። ቤት ያለው ድስት አንድ ነው። እንቁላል ከተቀቀለበት የጾም ወጥ አይሠራበትም። ስለዚህ የቤቱን ጾም ላለማስገደፍ ልጁም አብሮ ይጾማል። ስድስተኛ ወሩ የካቲት ላይ የሞላ ልጅ ምግብ የሚጀምርበት ሁለት ወር በዚህ ያልፋል።

መፍትሔው ያቺ ትንሽ ድስት፣ ሳህኗና ማንኪያዋ ናቸው። ለብቻ ታጥበው ለብቻ ይሰቀላሉ። ከመስጠታችሁ በፊት የአጥቢያውን ካህን አነጋግሩ። እሳቸው ከቅዳሴ በኋላ «ሕፃናቱን መግቡ» ብለው አንዴ ቢናገሩ የእኔና የእናንተ አሥር ስብሰባ አይደርስበትም። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናትም የነፍስ አባቷን እንድታማክር ንገሯት።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ እንቁላል መድኃኒት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ የልጁን ክንድ ትለካ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነም ለክትትል ትላከው። «ዶሮዋ ትጣል እንጂ ይድናል» ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ደረጃ 9፦ በወር አንዴ ሂዱ፣ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ

ስንት እንስሳ አለ? ምን ታመመ? ልጁ ትናንት ምን በላ? «በሳምንት ስንት እንቁላል ይበላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ሦስት» ትባላላችሁ፤ ውሉ ላይ አለና። «ትናንት» ስትሉ ግን እናት ታስታውሳለች፣ እውነቱን ትነግራችኋለች። አልበላም ካለችም አትቆጧት። ለምን እንደሆነ ጠይቋት። መልሱ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያስተምራል።

ደረጃ 10፦ ሞት ሲመጣ

በግ ይሞታል። ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። በርቢ ልማድ ጠባቂው ቆዳውን ለባለቤቱ ያሳያል፤ አልሸጥኩም፣ አላረድኩም ለማለት። ልማዱ ጥሩ ነው። ግን አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

⚠ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ በጓ ደህና ስትግጥ ውላ በድንገት ከሞተች፣ ሆዷ ቶሎ ከተነፋ፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትገፈፍ። አትከፈት። ሥጋዋ አይበላ። ልጆችና ውሾች አይጠጓት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ይነገር፤ በጥልቅ ጉድጓድ እንዴት እንደምትቀበር እሱ ያሳያል። አባሰንጋ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ይህችን ጨምሩ፦ «ቆዳ ማምጣት ግዴታ አይደለም። የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ወይም የባለሙያ ቃል ይበቃል።» ዕዳ ፈርቶ የተጠረጠረችን በግ የሚገፍ ሰው እንዳይኖር።

የሞተው በበሽታ ወይም በአውሬ ከሆነና ቤተሰቡ ክትባት ካስከተበ ከማካካሻው ብር ይተካለት። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ቡድኑ ተቀምጦ ይወስን። በድብቅ ከተሸጠ ግን ዕዳው እንዳለ ይቆያል፤ ሽማግሌ ይገባበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ ታማኙ ሰው ይከፋዋል።

ደረጃ 11፦ መመለስና ማስተላለፍ

የምትመለሰው ግልገል 6 ወር የሞላት፣ ጡት የተወች፣ የተከተበች ትሁን። ደካማዋን መርጦ መስጠት የተለመደ ነው። ስለዚህ የምትመረጠው በተረኛውና በሰብሳቢዋ ዓይን ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል እንደተወለደች የጆሮ ቁጥር ይታሰርላት። ቁጥር ያላት ግልገል ለሠርግ አትታረድም።

ተረኛው ከመረከቡ በፊት ደረጃ 3 ላይ ያለውን ሁሉ ያሟላ። ማደሪያና መኖ። የልጁን ድስት ሰጪዋ እናት ለተቀባይዋ ብትሰጣት ደስ ይላል፤ አጠቃቀሟንም አብራ ትነግራታለች። ለእናንተ ደግሞ ወጪ ነው፤ ለሰጪዋ እናት አዲስ ግዙላት፣ ምክንያቱም ልጇ አሁንም እየበላ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

በአንድ ጊዜ ሠላሳ ቤት መስጠት። ክትባት ሳያልቅ ማከፋፈል። ለአንድ ዘመድ ብቻ ሰጥቶ ጎረቤቱን ማስቀየም፤ እንዲህ ያለ በግ ብዙም አይቆይም፣ ወይ አጥር ይሰበራል ወይ ነገር ይመጣል። ሐምሌ ላይ ማስረከብ፤ ጭዱ አልቋል፣ መስኩ ውኃ ይዟል፣ ትሉም የሚበዛው ያኔ ነው። ለመንደሩ አንድም አውራ በግ ሳያስቡ ሴት ብቻ መስጠት። ከውጭ ብር ልኮ «ግዙላቸው» ብሎ ዝም ማለት።

መቼ ልጀምር?

መስከረም ላይ እድሩን አነጋግሩ፣ ቤተሰቦቹ ይመረጡ። ጥቅምት ማደሪያ ይሠራ፤ ካህኑንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እዩአቸው። ኅዳር አጋማሽ፣ ጾሙ እንደገባ ግዙ። ሦስት ሳምንት አቆዩአቸው፣ ይከተቡ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ውሉን ተፈራርማችሁ አስረክቡ። ገና እስኪደርስ ቄቦቹ ከአዲሱ ቤት ይለምዳሉ። ከሰሉን አትርሱ።